የ«ናርዶሳም» አመጣጥ

ከመዝገበ ቃላት ዝግጅት ክፍል የተላከልኝ ወረቀት እንዲህ ይላል፦

«ናርዶሳም። ቅጽል። ሥራ ሳይዝ መቀመጥ የማይሆንለት፤ ሐዘንም ሆነ ደስታ ከሥራው የማያስነሳው ሰው። አመጣጥ፦ በአዳማ ከተማ በርቀት እጅ አዳራሽ ትሠራ ከነበረችው ናርዶስ ኪሩቤል ስም። በ2078 ዓ.ም. የአባቷን መርዶ ስትሰማ ‹ሥራዬን ሳልጨርስ አልነሳም› ከማለቷ የተነሣ። ምስክር፦ ያፌት ዘውገ፣ የፈረቃ አለቃዋ።»

ከወረቀቱ ግርጌ አውራ ጣት የሚያርፍበት ክብ አለ። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ጣቴን እንዳሳርፍበት ተጠይቄያለሁ። ትርጉሙ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ አዘጋጆቹ ሥራቸውን ያውቃሉ። አመጣጡ ግን ውሸት ነው። ያን ውሸት የተናገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ወረቀቱን የላከችልኝ አዘጋጅ አስካለ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሞላት ነው። ከእኛ በኋላ የጥንት ስም ማውጣት ፋሽን ሆኖ ወጣቱ ሁሉ አስካለና በለጠ ሲባል፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ያፌትና ናርዶስ እንደተባልን ቀርተናል። ሰኞ ዕለት ደወለችልኝ። እያወራችኝ ሌላ ነገር ትጽፍ ነበር፤ እኔም እያወራኋት ሳህን አጥብ ነበር። ሳህኑ ያለው ባሕር ማዶ ነው፣ ጓንቱ ያለው እኔ ሳሎን። ይህን የሚታዘብ ሰው ከሞተ ቆይቷል።

«ጋሽ ያፌት፣ ቃሉን የማይጠቀም ሰው የለም፤ አመጣጡን የጻፈው ግን አላገኘሁም። ‹ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ› ይባል የለ? ሥሩ እርስዎ ጋ ነው ተባልኩ።»

«ማን አለሽ?»

«ወንድሟ። አቶ ሱራፌል፣ ሁሩታ ነው ያሉት። ‹አልነሳም ብላ አባቷን ያልቀበረች እህት ነበረችኝ፤ የቀረውን አለቃዋን ጠይቁት› ብለው ፈርመዋል።»

ነበረችኝ ማለቱን ልብ አልኩ።

«እሷንስ ጠየቃችኋት?»

«ስድስት ጊዜ ደወልንላቸው። ስድስቱንም ጊዜ ‹ሥራ ላይ ነኝ› ብለው ዘጉብን።» ሳቀች። «ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?»

እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው የሳቅሁበት አፌ የከበደኝ።

ቃሉ ብዙ ዘመድ አፍርቷል። መጀመሪያ ስድብ ነበር። የአዳማ እድርተኛ ልቅሶ የማይደርስ ሰው ሲያጋጥመው «ምን ይሄ፣ ናርዶሳም!» ይል ነበር፤ አባቱን የማይቀብር ማለቱ ነው። ቀጥሎ ድርጅቶቹ አነሡትና ጫፉን አሳመሩት፤ «ናርዶሳዊ» የሚል ሪባን በየሩብ ዓመቱ መሸለም ጀመሩ። ከዚያ ግስ ወጣለት። «ዛሬ ተናረደስኩ» ይላል ሰው፣ ከወንበሩ ሳይነሣ መዋሉን ሲናገር፣ በኩራትና በምሬት መካከል ባለች ድምፅ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ማንም ሊመልሰው አይችልም። እኔ አንድ ቀን ከጭንቀት የተነሣ የወረወርኩት ዓረፍተ ነገር ይኸው ሪባን ሆኖ በየሰው ደረት ላይ ይታያል።

ኑሮዬን ልንገራችሁ፤ ከናንተ ኑሮ የሚለይ ግን አይደለም። ስልሳ አምስት ዓመቴ ነው። «ጡረታ» የሚለው ቃል አስካለ ዘንድ «ጥንታዊ» የሚል ምልክት ተደርጎበታል፤ ስለዚህ በቀን አራት ሰዓት ጓንት አጠልቃለሁ። ከበሬ በላይ ያለው መብራት እኔ ስሠራ አረንጓዴ ነው፣ ሳርፍ ቢጫ፣ ካበዛሁት ቀይ። ቀይ የበራበት ቤት ጎረቤት ሰላምታ ይቀንሳል። ግራ እጃችንን ጓንት ውስጥ አድርገን የሰው ልብስ እያጠፍን በቀኛችን እንጎርሳለን። ጉርሻ የጠፋው በዚህ ነው ይላሉ፤ ለሌላ ሰው የሚተርፍ እጅ የለም።

ረቡዕ ዕለት የጎረቤቴ የጋሽ ኢዮኤል ልቅሶ ነበር። እድራችን ድንኳን ተከለ፣ ወንበሩን ደረደረ። ወንበሩ ላይ አሥራ አንድ ተወካይና አራት ሰው ተቀመጠ። ተወካይ የምንለው በእኛ ፈንታ ልቅሶ የሚደርሰውን ማሽን ነው፤ እድሩ እንደ ግማሽ ሰው ይቆጥረዋል። እኔም ተወካዬን ላክሁ። ማጽናኛው ሦስት ዓይነት ነው፦ የቅርብ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ትውውቅ። «ጎረቤት» የሚለውን ነካሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ማታ ቅጂውን ሳየው፣ የጋሽ ኢዮኤል ባለቤት የተወካዬን እጅ በሁለት እጇ ይዛ «ያፌት፣ አንተም መጣህልኝ?» ስትል ሰማኋት። ከዚያ መልስ ጠበቀች። ተወካዩ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

አፈርኩ። ሐፍረቱ ግን የዚያን ቀን ብቻ አልነበረም። የሠላሳ አንድ ዓመቱን ሁሉ ጎትቶ ያመጣው ይመስለኛል።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው።

በ2078 በአዳማ የአንድ የርቀት እጅ አዳራሽ የፈረቃ አለቃ ነበርኩ። አርባ ሰው ጓንት አጥልቆ ተሰልፎ ይቀመጣል፤ በሌላ አገር አርባ ሽማግሌና አሮጊት ጓንቱን በሚከተሉ የማሽን እጆች ይታጠባሉ፣ ይለብሳሉ፣ ይበላሉ። ስልክ ወደ አዳራሹ አይገባም። ሁሉም ጠዋት ስልኩን እኔ ጋ ያስረክባል፤ ከቤት የሚደወለው ለእኔ ነው። ናርዶስ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ ሳቂታ። ከማንም በላይ ታታሪ አልነበረችም፤ ይህን አስምሩልኝ። እንዲያውም ለመውጫ ሰዓት አንድ ሩብ ሲቀረው ጫማዋን መፈለግ የምትጀምር ልጅ ነበረች።

ያን ዕለት ሰማንያ ስምንተኛው ቀን ላይ ነበርን። ደንቡ እንዲህ ነው፦ አርባው ሰው ዘጠና ቀን ከፈረቃው መሐል ማንም ሳይነሣ ከሠራ አዳራሹ «ያልተቋረጠ» ይባላል፤ አለቃውም ያድጋል። አንድ ሰው ከተነሣ ቆጠራው ለሁሉም ከአንድ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ፈርሶብኝ ነበር፤ አንዴ በምጥ፣ አንዴ በጥርስ ሕመም።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«የናርዶስ አለቃ ነህ?» አለ አንድ ወንድ። ሲያለቅስ አድሮ ድምፁ ተዘግቷል። «ሱራፌል እባላለሁ፣ ወንድሟ ነኝ። አባባ ሌሊት አረፈ። ወንድሜ፣ አደራህን፣ በድንገት እንዳትነግሯት። ‹አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል› ብላችሁ ይዛችኋት ኑ፤ እዚህ ሰው ተሰብስቦ እንነግራታለን። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«እሺ» አልኩት። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

የዚያን ጊዜ «እሺ» ያልኩት ከልቤ ነበር። ከአዳማ ሁሩታ አንድ ሰዓት አይሞላም። ተነሥቼ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሄድኩ። ናርዶስ አንድ ሽማግሌ እግር ታጥባለች፤ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር። ሽማግሌው የሆነ ነገር ብሏት ትስቃለች። ትከሻዋ አጠገብ ቆምኩና ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር አየሁት። ሰማንያ ስምንት ይላል።

መርዶ በሥራ ቦታ አይነገርም፣ አልኩ በልቤ። እህል ሳይቀመስም አይነገርም፤ ልማዱ ነው። እስከ ምሳ ልጠብቅ። በምሳ ሰዓት ሻይ ይዤላት ሄድኩ። «ደከመሽ እንዴ?» አልኳት። «ኧረ አልደከመኝም ጋሽ ያፌት» አለችኝና ሻዩን ተቀበለችኝ። እኔም ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ሰው ክፉ ሲሠራ የሚያግዘው ልማድ አያጣም፤ እኔን ያገዘኝ የአያቶቼ ጥንቃቄ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሱራፌል ደገመኝ። «የታላችሁ? ሬሳው ሊወጣ ነው እኮ! አሁን ብትነሡ እንኳ ትደርሳላችሁ።»

ገና አልነገርኳትም ካልኩት ምክንያት ይጠይቀኛል። ምክንያቴ ደግሞ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። እንዲህ አልኩት፦

«ነግረናታል። ‹ሥራዬን ሳልጨርስ አልነሳም› አለች።»

ከበስተጀርባው የሴቶች ለቅሶ ይሰማ ነበር። «እሺ» አለና ዘጋው።

የቃሉ አመጣጥ ይኸው ነው። ናርዶስ አላለችውም። ያልኩት እኔ ነኝ።

ቀብሩ ካለፈ በኋላማ መንገዱ ቁልቁለት ሆነልኝ። አንዴ አልፏል፣ ረቡዕን ትጨርስ፤ ረቡዕን ከጨረሰች ሐሙስን ትጨርስ። ሱራፌል ተቀይሞ ወደ እሷ አልደወለም፤ ሌላውም ዘመድ ተነግሯታል ብሎ ተዋት። ሐሙስ ማታ ቁጥሩ ዘጠና ሲል አርባው ሰው አጨበጨበ፤ ናርዶስም አጨበጨበች። ዓርብ ንጋት ላይ ሦስት የሰፈር ሽማግሌ ይዤ ቤቷ ሄድኩና እንደ ወጉ አረዳኋት። «መቼ?» ስትል ጮኸች። «ወንድምሽ የደወለው ትናንት ማታ ነው» አልኳት። መርዶ የነገረ ሰው ለቀስተኛውን ይዞ እስከ ልቅሶው ቤት ያደርሳል። እኔ ግን ፈረቃ አለብኝ ብዬ መኪና ውስጥ ብቻዋን አስገብቼ ሰደድኳት። ሱራፌልን ፊት ለፊት ማየት አልቻልኩም።

በማግስቱ አዳማ ተመልሳ ነበር። ወንድሟ በሩን አልከፈተላትም። «ማክሰኞ ተነግሮሽ አልነሳም ያልሽው አንቺ ነሽ» ብሏታል። እኔ ጋ መጥታ ጠየቀችኝ፤ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ሐሙስ ነው የደወለው» አልኳት ደግሜ። «መዘግየቱ አሳፍሮት ይሆናል።»

አመነችኝ። ሻይ የሚያመጣላት አለቃዋ ነኛ።

የአዳራሹ ስልክ ይቀዳ ስለነበር ያቺ ዓረፍተ ነገር ዋናው መሥሪያ ቤት ደረሰች። እነሱ ወደዷት። ሰኞ ጠዋት በር ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ የናርዶስ ፎቶ ከነጥቅሷ ወጣ። «እኔ ይህን አላልኩም» ብላ ለሁሉም ተናገረች፤ ይህም ለትሕትናዋ ተቆጠረላት፤ እሷ ግን ወሬውን ያስነዛው ወንድሟ መሰላት። እኔ የሦስት አዳራሽ አለቃ ሆንኩ። እሷ ከወንድሟ ሌላ ቤተሰብ ስላልነበራት፣ የቀራት ጓንቱ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ሰዎች የሚሏትን ሆነች።

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ከተማ ኖረን አንድም ቀን ቤቷ አልሄድኩም። ገበያ ውስጥ በሩቅ ካየኋት በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

በዚህ ሳምንት ሐሙስ ሌላ ሥራ አልሠራሁም፤ መብራቴ እስኪቀላ ድረስ ተቀምጬ እውነቱን በአንድ ገጽ ጻፍኩ። ልልከው ስል እጄ ተያዘ። ናርዶስ ከመዝገበ ቃላት ልታነበው ነው? መርዶ በወረቀት አይነገርም። ዓርብ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥቼ በእግሬ ሄድኩ። ሥራዬን የሚቆጥረው አምባር እጄ ላይ ይነዝራል፤ ጓንት ሳላጠልቅ የት እንደምሄድ አልገባውም።

የናርዶስ በር መብራት አረንጓዴ ነበር። ሰፈሩ በዚህ ይኮራል፤ ቢጫ ሆኖ ያየው የለም ይላሉ። በሩ አልተቆለፈም። ገባሁ። አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ አንድ አልጋ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች፤ ጸጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ሁለት እጆቿ አየር ላይ የማላየውን ሰው ገላ ያደርቃሉ። ሰው ቤቷ ሲገባ የለመደች ስላልሆነች ደነገጠች።

«ማነው?»

«ያፌት ነኝ።»

እጆቿ አላቆሙም። «ጋሽ ያፌት! ምን እግር ጣለህ? ይቅርታ፣ መቀመጫ የለም። እኚህን አሮጊት አድርቄ ልጨርስ፤ ይበርዳቸዋል።»

ቆምኩ። ሽማግሌ ይዤ አልመጣሁም፤ እህል ቅመሺም አላልኳት። እንደዚያ ያለ ጥንቃቄ ካሁን በኋላ ከእኔ አያምርም።

«ናርዶስ፣ ሱራፌል ሐሙስ አይደለም የደወለው። ማክሰኞ ነው።»

እጆቿ አየር ላይ ቆሙ።

«ለማን?»

«ለእኔ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ።»

«ቀብሩስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ነበር።»

ፊቷን አላዞረችም። ባሕር ማዶ አንድ ማሽን ፎጣ ይዞ እርጥብ አሮጊት አጠገብ ቆሞ እንደነበር አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

«በምሳ ሰዓት መጥተህ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ሻይ ይዘህልኝ።»

«አዎ።»

«ደከመሽ ወይ ብለኸኝ አልደከመኝም አልኩህ።»

«አዎ ናርዶስ።»

«እደርስ ነበር።»

«ትደርሺ ነበር።»

ስምንት ሰዓት ላይ ለወንድሟ ያልኩትንም ነገርኳት፤ ቃል በቃል። በሰሌዳው ላይ የወጣው፣ በሪባኑ ላይ የተጻፈው፣ ሰው ሁሉ በስሟ የሚጠራው የእኔ ቃል መሆኑን ነገርኳት። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ሳየው በጣም ትንሽ ስለሆነብኝ ዋጥኩት።

ናርዶስ ፎጣውን አንሥታ የአሮጊቷን ጀርባ ጨርሳ አደረቀች። አንሶላ አለበሰቻት፤ ጫፉን ከአገጯ ሥር ሸጎጠችላት። ከዚያ ጓንቶቹን አንድ በአንድ አወለቀች። የእጆቿ ቆዳ ፀሐይ ካላየ ብዙ ዘመኑ ነው፣ ነጭ ሆኗል። የበሩ መብራት ቢጫ ሆነ።

«እኔ እኮ ውሸታም ያልኩት እሱን ነው» አለች ወደ እኔ ዞራ። «በሩ ላይ ቆሜ፣ በአባቴ አጥንት ምዬ፣ ሰው እየሰማ ‹ውሸታም ነህ፣ ሐሙስ ነው የደወልከው› አልኩት። ሚስቱ ስትሞት አልሄድኩም። ልጁን ሲድር አልሄድኩም። ውሸታም ቤት አልሄድም ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ሰምቻለሁ። በየጊዜው እጠይቅ ነበር።»

ይህን ስል ከተናገርኩት ሁሉ የባሰ የተናገርኩ መሰለኝ። እሷም እንደዚያው አየችኝ።

የጻፍኩትን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ። «መዝገበ ቃላቱ ላይ አልፈርምም። እውነቱን ጽፌያለሁ፣ አንብቢውና...»

«ወረቀትህን ያዘው።» አልጋዋ ላይ የተጣጠፈ ነጠላ ነበር፤ አነሣችው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችው። «መርዶ የያዘ ሰው መንገድ ላይ ጥሎ አይሄድም። ያኔ ጥለኸኝ ሄድክ። አሁን ተነሥ፣ ያፌት።»

ጋሽ የሚለውን ትታዋለች። ተገቢ ነው።

ስንወጣ መብራቷ ቀላ። ጎረቤቶቿ በየመስኮታቸው አዩ፤ አንዷ ታመሽ ወይ ብላ ጮኸች። ናርዶስ መንገዷን ቀጠለች።

ሾፌር የሌለው መኪና ያዝን። የሁለታችንም አምባር ይነዝራል። እሷ ፈታችና መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው፤ እዚያም ሆኖ መንዘሩን ቀጠለ። ከከተማ ስንወጣ ማሳውን ታያለች፣ ከብት ባየች ቁጥር ትንሽ ወደ መስኮቱ ትጠጋለች። ሁሩታ ድረስ የሚወስደውን መንገድ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዳላየችው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

መንገድ ላይ የጻፍኩትን ለአስካለ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ጋሽ ያፌት፣ አነበብኩት። በጣም ያሳዝናል። ግን ወንድሟ አለች ብለው ፈርመዋል፣ እርስዎ አላለችም ይላሉ። ሁለት ምስክር ካልተስማማ ደንባችን ‹አመጣጡ አከራካሪ ነው› ብለን እንድናልፍ ያዛል።»

«ምን ያከራክራል? ያልኩት እኔ ነኝ እያልኩሽ!»

«ይገባኛል። ዛሬ ግን አሥራ ሁለት ቃል አለብኝ፤ ይሄ ገና አራተኛው ነው።» ከበስተጀርባዋ የመጻፊያው ድምፅ አላቋረጠም። «ትርጉሙ ላይ አስተያየት አለዎት?»

«የለኝም» አልኩ።

ስልኩን ስዘጋ ናርዶስ ታየኝ ነበር። «ምን አለች?»

«አከራካሪ ነው ብለው ሊጽፉ ነው።»

«ይጻፉ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ሁሩታ ስንደርስ ሰዓቴን አየሁ። አርባ ስምንት ደቂቃ ፈጅቶብናል።

ቤቱን እሷ መራችኝ። ጊቢው የቆርቆሮ በር ነው። አንኳኳች። እስኪከፈት ጊዜ ወሰደ፤ ከዘራ መሬት ሲመታ ይሰማል። ሱራፌል በሩን ገርበብ አደረገው። ጎንበስ ያለ፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ሆኗል። ማለዳ፣ ሁለት ሰው፣ አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። በዚህ አገር ይህን ያየ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሰላም እንኳ አላለም።

«ማን ሞተ?» አለ።

«አባባ» አለችው ናርዶስ።

ድምጿን አወቀ። ከነነጠላዋ አያት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ያኔ በስልክ የዋሸሁትን አሁን ፊት ለፊት መናዘዝ ነበረብኝ።

«ያፌት እባላለሁ» አልኩት። «ማክሰኞ ጠዋት የደወልክልኝ ሰውዬ ነኝ። አልነገርኳትም። አልነሳም አላለችም፤ ያልኩት እኔ ነኝ።»

የቆርቆሮው በር ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ናርዶስ ገባች። ጊቢው መሐል ስትደርስ ደረቷን መታችና «አባባዬ!» ብላ አለቀሰች፤ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልታለቅሰው የሚገባትን ለቅሶ። ከጎረቤት አንዲት ሴት በአጥር በኩል አንገቷን አስገብታ ማን እንደሞተ ትጠይቃለች።

ሱራፌል ወደ እህቱ ከመሄዱ በፊት በሩን ይዞ ትንሽ ቆመ። ተቆጥቶ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እሺ ብለኸኝ ነበር እኮ» አለኝ።

ብዬው ነበር።